የሺን ይዘን የተጠለልንበት ከሰዓት

ለመሥሪያ ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ስለ ጀልባ ሥራዬ አንድ ገጽ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ጽፌ ሳስረክብ የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ተፈራ ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አይወጣህም፤ ይኸን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። አሳጥር ተብዬ ተመለሰልኝ። የትኛውን እንደምቆርጥ ግን አላወቅሁም። ስለዚህ ለግድግዳው ሌላ አጭር ነገር ጻፍሁለትና ይኸን ሙሉውን አስቀረሁት።

ከሰኞ ጀምሮ የጀልባ ሠራተኛ አይደለሁም። ወደ ጄኔሬተር ክፍል ተዛውሬያለሁ። ጀልባዋን የተረከበኝ ሰው አበጀ ይባላል፤ ከመራዊ የመጣ የመኪና ሾፌር ነው። ከፊት የተጠቀለለውን ገመድ አይቶ፣ «ይኸ ሁሉ ለምኑ ነው? ግማሹን ቆርጠን ለሌላ ብናውለውስ?» አለኝ። በቃል ልመልስለት ሞከርሁ፤ ተንተባተብሁ። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ሥራ የገባሁት ገመድ ያዥ ሆኜ ነው። ጀልባዋ ወደብ ስትጠጋ ዘሎ ወርዶ የሚያስር፣ ስትነሣ የሚፈታ፣ በመካከሉ የገባ ውሃ በቆርቆሮ እየጨለፈ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ከሞተሩ ጋር ከመጣው ባለ ሥዕል መጽሐፍና ከነጂው ከጋሼ ደሴ አገኘሁት። ጀልባዋ ብረት ናት፤ ከኋላዋ አንድ ሞተር ይንጠለጠልባታል። ክትባት፣ የወባ መድኃኒት፣ አንዳንድ ጊዜም በሽተኛ ይዛ ከባሕር ዳር ወደ ጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ትመላለሳለች። ለነዳጅ ፈቃድ የምንመላለሰው መንገድ በውሃ ከምንሄደው አይተናነስም ነበር፤ እሱን እተወዋለሁ።

ጋሼ ደሴ የዘጌ ሰው ናቸው። ታንኳ ላይ ነው ያደጉት። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በአንድ ባሕርያቸው ነው፦ ጀልባዋ ሳትታሰር ለማንም ሰላምታ አይመልሱም። የመንደር ሽማግሌ ከዳር ቆሞ፣ «እንዴት ዋላችሁ! ደኅና ናችሁ ወይ!» ቢል እሳቸው መልስ የለም። ዓይናቸው ከገመዱ አይነሣም። ካሰሩ በኋላ ገመዱን በመላ ሰውነታቸው ይስቡታል፣ ጥቂት ራቅ ብለው ይሄዳሉ፣ ዞረው ያዩታል። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከሽማግሌው ጀምረው እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠይቃሉ። ልጁን፣ ከብቱን፣ ያመመውን ጉልበቱን ሳይቀር። አንድ ቀን የደቅ ደሴት ሰው፣ «ደሴ፣ ገመዱን ነው ወይስ እኛን ልትጠይቅ የመጣኸው?» ብሎ ቢቀልድባቸው፣ «ገመዱ ደኅና ካልሆነ እናንተ ዘንድ አድሬ ጎተራችሁን እጨርሳለሁ» አሉት።

ይኸ ጠባይ አብሯቸው የተወለደ አይደለም። ያመጣባቸው ቀን እኔም ነበርሁ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። በስተምሥራቅ ዳርቻ ወዳለች አንዲት መንደር ለኩፍኝ ክትባት ሄድን። እዚህ ላይ ስለ ታንኳ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ታንኳ የሐይቅ ዳር ተክል ከሆነው ከደንገል የሚታሰር ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። የጣና ሰው ታንኳውን ውሃ ላይ አስሮ አይተወውም፤ ገና እንደደረሰ ወደ የብስ ይስበዋል፣ ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ አስደግፎ ያደርቀዋል። ስለዚህ በዚህ አገር «ጀልባ ማሳረፍ» ሲባል ሰው የሚገባው ወደ ላይ መሳብ ነው። የዚያን ቀንም የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው፣ «ሳቡት!» ተባብለው፣ እየሳቁ የጀልባችንን አፍንጫ ድንጋዩ ላይ አወጡልን። ብረት ናትና ከዚያ በላይ አልሄደችም። ከፊቷ የብስ ላይ፣ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ቀረች። ጋሼ ደሴም፣ «በቃ፣ አርፋለች» አሉ። ከታንኳ ጋር ላደገ ሰው አፍንጫዋ የወጣ ጀልባ ያረፈች ጀልባ ናት።

ከቀትር በኋላ ከጎርጎራ በኩል ንፋስ ተነሣ። እኛ ጥላ ሥር ሰው እየመዘገብን ነበር። አንዲት ሴት እንስራዋን እንደ ያዘች እየሮጠች መጣችና፣ «ኧረ ጀልባችሁ ጠጣች!» አለች።

ስንደርስ አፍንጫዋ እንደ ነበረ ድንጋዩ ላይ ተኝቷል። ኋላዋ ግን የለም። ማዕበሉ ከኋላ እየመጣ፣ ጀልባዋ ተንሳፍፋ እንዳትነሣለት ድንጋዩ ይዟት፣ እያንዳንዱ በላይዋ እየገባ ሞልቷታል። ሞተሩ ከነራሱ ውሃ ውስጥ ነበር። የክትባቱ ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ በደንገሉ መካከል ይንሳፈፋል። ያን ዕለት ሊከተቡ እናቶቻቸው ይዘዋቸው የመጡ ልጆች ሳይከተቡ ተመለሱ። በዚያ ክረምት ከዚያች መንደር ስለ ኩፍኝ የሰማነውን እዚህ አልጽፈውም።

ጋሼ ደሴ ውሃው ወገባቸው ድረስ ገብተው የሞተሩን ራስ ይዘው ቆሙ። ማንንም አልወቀሱም። «እኔ ያሰርሁት ታንኳ ነው» አሉ። «ጀልባ አላሰርሁም።»

ደመወዛቸው ተቆረጠ፤ አልተከራከሩም። የተከራከሩት ስለ ገመድ ነው። ከጓድ ተፈራ ዘንድ ገብተው መልሕቅና ረጅም ገመድ ይገዛ አሉ። ጓድ ተፈራ የገመዱን ርዝመት ሲሰማ፣ «ጋሼ ደሴ፣ የምናስረው ጀልባ ነው ዝሆን?» አለ። እሳቸውም፣ «ዝሆንማ ይቆማል፤ ጀልባ ነው የማይቆም» አሉት። ሳቀና ፈረመ። ይኸን ለጓድ ተፈራ ምስጋና እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ይጮኻል፣ ነገሩ ከገባው ግን አይከለክልም። መልሕቁን ባሕር ዳር ብየዳ ቤት አሠራነው። ከወፍራም ብረት፣ አራት ጥፍር ያለው፣ ከላይ ቀለበት። ከቀለበቱ ጋር ጥቂት ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ ቀጥሎ ገመድ።

ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ከወደቡ አጠገብ ውሃው ከጉልበት በማይበልጥበት ቦታ መልሕቁን ጣሉትና፣ «በላዩ ቆመህ ገመዱን ሳብ» አሉኝ። ሳብሁት፤ ነቅሎ መጣ። እንደ ገና ጣሉት። «አሁን ገመዱን እየለቀቅህ ራቅ፣ ራቅ፣ ገና ነው፣ ራቅ። በል ሳብ።» በሁለት እጄ፣ ተረከዜን ተክዬ ሳብሁ። ጥፍሩ ጭቃው ውስጥ ሲነክስ እጄ ድረስ ተሰማኝ። አልነቃነቅ አለ።

«አየህ» አሉኝ፣ «መልሕቁ ከባድ ሆኖ አይደለም የያዘህ። ገመዱ ስለ ተኛ ነው። ገመዱ ከቆመ መልሕቁ ድንጋይ ነው፤ ወደ ላይ ስትስበው ይነሣል። ገመዱ ሲተኛ ግን ወደ ጎን ነው የምትስበው፤ ያኔ ይነክሳል። ውሃው አንድ ቁመት ከሆነ ገመዱ አምስት፤ ንፋስ ሲኖር ሰባት። ቦታ ካለህ ደግሞ ከዚያ በላይ ልቀቅ፤ የተጠቀለለ ገመድ ማንንም አያድንም።»

ሌላም አስተማሩኝ። መልሕቅ ጥለህ ቆመሃል ብለህ እንዳታምን፤ የብስ ላይ ሁለት ነገር ምረጥ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ለምሳሌ ድንጋይና ዛፍ። ተደራርበው ከቆዩ ቆመሃል። ከተለያዩ እየሄድህ ነው፣ ምንም ሳይሰማህ። ገመዱ ብረቱን በሚነካበት ቦታ የጎማ ላስቲክ ጠቅልል። ሰው ስትጭን ከጎኗ ከተቀባው ቀይ መስመር በላይ ውሃ አይውጣ፤ ካድሬም ይሁን ቄስ ከመስመሩ በላይ የሚሆነው ይውረድ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ለእያንዳንዱ ሰው ይኑር፤ ቀን ከከፋ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወገባቸው እምቢ አላቸውና ጡረታ ወጡ። ጀልባዋ ለእኔ ቀረች።

አሁን ወደዚያ ከሰዓት ልምጣ።

ለክትባት ደቅ ነበርን። ከእኔ ጋር የነበሩት ሲስተር ብርሃኔ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፈጣን፣ ውሃ የማይወዱ፣ ግን ጠርተናቸው ቀርተው የማያውቁ ነርስ። ቀትር ሲቃረብ ጨርሰን ልንነሣ ስንል አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በማሳው መካከል ሲመጡ አየን። ቃሬዛው ላይ የሺ የምትባል ሴት አለች። ምጥ ከያዛት ሌሊቱ አልፎ ቀኑም ተጋምሷል። ባሏ አንዳርጌ ከኋላ ይከተላል፤ ረጅም፣ ዓሣም የሚያሰግር ገበሬ ነው።

ሲስተር እዚያው ጋቢ አስጋርደው አዩዋት። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል። ወደ እኔ መጥተው በዝግታ ተናገሩ። «የልጁ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ተጋድሟል ማለት ነው። ይኼ በእኔ እጅ የሚወጣ አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ነው። ባሕር ዳር ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች።»

«ልጁስ?»

«ልቡ ይመታል። አሁን አዳመጥኩት።»

ሰማዩን አየሁ። ውሃው ገና ዝም ያለ ነበር፣ ግን በሰሜን በኩል ጥቁር መስመር እየሆነ መጥቷል። ያ መስመር ንፋስ ነው።

«ሲስተር፣ ንፋሱ መንገድ ላይ ያገኘናል» አልኋቸው። «ከኋላችን ነው የሚመጣው። በዚች ጀልባ ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ክፉ ነው።»

«እስከ ነገ ጠዋት አትቆይም።»

«ገባኝ። እንነሣለን። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ፤ ከበረታ ደሴት ጥግ እገባለሁ። ያን ጊዜ አይሟገቱኝ።»

«እሺ፣ ካፒቴን» አሉ። ካፒቴን የሚሉኝ ሲያሾፉ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላሾፉም።

የሺን ከመካከል፣ ከወለሉ ላይ አስተኛናት፣ ክብደቷ ዝቅ እንዲል። ሊከተሉ የፈለጉትን ዘመዶች መለስሁ። አማቷ እያለቀሱ፣ «አንተ ጨካኝ፣ ብቻዋን ልትሞትብኝ ነው?» አሉኝ። ቀዩን መስመር አይቼ ገፋሁ። አንዳርጌ፣ ሲስተር፣ የሺና እኔ።

የመንገዱን እኩሌታ እስክናልፍ ደኅና ነበርን። ከዚያ ንፋሱ ደረሰብን። መጀመሪያ አንገቴ ኋላ ቀዘቀዘኝ፤ ቀጥሎ ውሃው ቀለሙን ለወጠ፤ ቀጥሎ ጀልባዋ ከኋላ እየተነሣች በአፍንጫዋ ወደ ታች መሮጥ ጀመረች። እያንዳንዱ ማዕበል ሲያልፈን ሞተሩ አየር ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ ተመልሶ ሲገባ ይታነቃል። ፍጥነት ስቀንስ ውሃው ከኋላ ይገባል፤ ስጨምር አፍንጫዋ ከፊቷ ያለውን ማዕበል ልትወጋ ትቃጣለች። አንዳርጌ ውሃውን በቆርቆሮ ያወጣል። ሲስተር የሺን በሁለት ክንዳቸው አቅፈዋት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የሺ አትጮህም። ምጡ ሲመጣ የጀልባዋን የብረት አጥንት በእጇ ትይዝና ጣቶቿ ይነጣሉ።

አንዱ ማዕበል በላዬ ገባ። ወገቤ ድረስ ውሃ ሆንሁ፤ ሞተሩ ትን አለው፣ ሊጠፋ ደርሶ ተመለሰ። ከጠፋ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ አያስፈልግም። ከግራችን ሴት የማይረግጠው አንድ ገዳም ያለበት ደሴት ይታያል። ወደዚያ አዞርሁ።

ሲስተር ወዲያው ገባቸው። «ምን እያረክ ነው? ባሕር ዳር በዚያ ነው!»

«ጥግ እይዛለሁ።»

«ቆመን ምን ልናረግ? እዚህ መድኃኒት የለኝ፣ እዚህ ሐኪም የለ! እየገደልካት ነው!»

«ጀልባዋ ከሰጠመች ሁለቱም ይሞታሉ። አራታችንም።»

አንዳርጌ ቀና አለ። «ወንድሜ፣ እባክህ በጊዮርጊስ፣ ቀጥል። እኔ አወጣለሁ፤ ክንዴ እስኪበጠስ አወጣለሁ።»

አልመለስሁለትም። አፌን ብከፍት እንደምቀጥል አውቅ ነበር።

ከደሴቱ ደቡብ ገባን። ንፋሱ በደሴቱ ላይ አልፎ ከላያችን ይሄዳል፤ ማዕበሉ ግን በሁለቱም ጎን ዞሮ እየመጣ መካከል ላይ ይጋጫል። ዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጀልባዋን ድንጋዩ ላይ ብናሳርፋት ብረቱ እየተነሣ እየወደቀ ይቀደዳል። መልሕቅ ጥሎ ከዳር ራቅ ብሎ መቆም ብቻ ነው ያለን። እኔ ሞተሩን መልቀቅ ስለማልችል፣ «አንዳርጌ፣ መልሕቁን ጣልና ገመዱን ልቀቅ!» አልሁት።

ጣለ። ብረቱ መሬት ሲነካ ተሰማው፤ ቶሎ ብሎ ገመዱን ከፊተኛው ቀለበት ላይ አሰረ። «ይዟል!» አለ።

አልያዘም። ታንኳ ላይ ሆኖ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ድንጋይ በገመድ ያወርዳል፤ ድንጋዩ መሬት ሲነካ ያስራል። ታንኳ ቀላል ነው፣ ያ ይበቃዋል። አንዳርጌ ዕድሜ ልኩን ያደረገውን አደረገ። የእኛ ጀልባ ግን በቆመ ገመድ ላይ እየዘለለች መልሕቁን እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ወደ ጥልቁ ወሰደችው። ከዳር ያለው ነጭ ድንጋይና ከኋላው ያለው ሾላ ሲለያዩ አየሁ። ወደ ማዕበሉ እየወጣን ነው።

«ንቀለው! ወደ ላይ ሳብ!» አልሁ። ጮኼ ነበር፤ ሲስተር ደንግጠው ቀና አሉ። እኔ ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም።

እንደ ገና ወደ ዳር ተጠጋሁ፣ ውሃው እስኪሳሳ። «አሁን ጣል። አትሰር። በእጅህ እያሳለፍህ ልቀቅ። ልቀቅ። ልቀቅ።»

«አለቀ እኮ!»

«አላለቀም። ይተኛ! ገመዱ ይተኛ!»

ሊያልቅ ሲል አሰረ። ጀልባዋ ተንሸራተተች፣ ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ አፍንጫዋ ወደ ደሴቱ ዞረ። ቆመች። ነጩ ድንጋይ ሾላው ላይ ተደረበ። ሆኖም ብዙ አልቆየም። ከጎን የሚመጣው ማዕበል እያወዛወዛት፣ መሬቱም ወደ ጥልቁ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ከሾላው በጥቂቱ ፈቀቅ አለ። የጣት ውፍረት ያህል። ቀጥሎ ሌላ ጣት። ከዛፍ ጋር የሚታሰር ሌላ ገመድ ያስፈልገናል። አንዳርጌን፣ «ዋና ትችላለህ?» ብለው ራሱን ነቀነቀ። የሐይቅ ሰው ሁሉ ይዋኛል የሚል ሐይቅ አያውቅም።

ያኔ ከዳር ድምፅ ሰማን። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቢጫ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ቆመዋል፤ ሌሎች ሁለት ከኋላቸው።

«ሴት ይዛችኋል?» ብለው ጠየቁ።

«ምጥ ላይ ናት፣ አባቴ!» አለ አንዳርጌ። «ስለ እመብርሃን፣ ትውረድና ከቤት ትግባልኝ! ትሞትብኛለች!»

«ምድሩን አትረግጥም፣ ልጄ። ይኸን እኔ አልሠራሁትም፣ እኔም አላፈርሰውም።» ከዚያ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ጠቅልለው አሰሩ። «ውሃው ግን የገዳሙ አይደለም። እኛ እንመጣለን። ገመዱን ወርውር!»

ወረወርሁ፤ አልደረሰም። ሰብስቤ ጫፉ ላይ ባዶ ጀሪካን አስሬ ለቀቅሁት። ሁለተኛው ማዕበል ጀሪካኑን ወደ ዳር ወሰደው። ሽማግሌው ደረታቸው ድረስ ገብተው ያዙት። አንዱ ማዕበል ራሳቸውን አልፎ ሄደ፤ ቆባቸው ተወሰደ፤ ገመዱን አልለቀቁም። ሁለቱ መነኮሳት ተቀብለው ከሾላው ጋር አሰሩ።

«ከሥር ነው ወይስ ከቅርንጫፍ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከሥር ነው! የመንግሥት ጀልባ እኛን አያምንም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፣ ጢማቸው ውሃ እያንጠባጠበ።

ሲስተር በዚያ ሁሉ መካከል ሳቁ። የዚያን ከሰዓት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነበር።

ቆምን። ሁለቱ ገመዶች ያዙን። መነኮሳቱ የፈላ ውሃ በገንቦና ደረቅ ጋቢ እየተቀባበሉ በውሃ ውስጥ አመጡልን፤ ከጀልባዋ ጠርዝ ሳያልፉ፣ ፊታቸውን አዙረው ሰጡን። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ንፋሱ ሲመሽ እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ የሺ እስኪመሽ መቆየቷን ግን አላውቅም።

እኔ ድንጋዩንና ሾላውን አያለሁ። ሲስተር የእንጨት ማዳመጫቸውን የሺ ሆድ ላይ እየደገኑ ያዳምጣሉ። በየጥቂቱ ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «አለ» ይላሉ። አንዳርጌ ያ ቃል ሲመጣ ቆርቆሮውን ያቆምና ይሰማል፤ ከዚያ ማውጣቱን ይቀጥላል። ፀሐይዋ ወደ ዘጌ ዛፎች ስታዘቀዝቅ አንድ ጊዜ አዳመጡ። ቦታ ለውጠው አዳመጡ። እንደ ገና ለውጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ማዳመጫውን በጨርቅ ጠቅልለው ከቦርሳቸው ከተቱት። «አለ» አላሉም። አንዳርጌ ጀርባውን ሰጥቶ ውሃ እያወጣ ስለ ነበር አላየም። ሲስተር ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

ንፋሱ ሲበርድ መነኮሳቱ ገመዱን ፈተው ጣሉልን። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ እኛ ዘርግተው ባረኩን። ሞተሩ በመጀመሪያው አልተነሣም። በሁለተኛውም አልተነሣም። የሞተሩን ካንዴላ ፈትቼ አድርቄ መለስሁት፤ ተነሣ። ውሃው እያንቀላፋ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ሞተሩ የሚችለውን ሁሉ ሰጠሁት። ባሕር ዳር ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ወደብ ላይ የነበሩ ሰዎች ቃሬዛውን ተቀብለው ሮጡ። ሲስተር አንድ ጫማቸውን ጀልባዋ ውስጥ ትተው አብረው ሮጡ።

እኔ አልሄድሁም። ጀልባዋ ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረች፤ አንድ ገመድ ብቻ ነበር የያዛት። ከፊትም ከኋላም አሰርሁ፣ ውሃውን አወጣሁ፣ መልሕቁን አጠብሁ፣ ገመዱን ጠቀለልሁ። ከጨረስሁም በኋላ ሆስፒታል መሄድ አልደፈርሁም። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ ብል እዋሻለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ከጀልባዋ ዘንድ ሆኜ አንዳርጌ በዳርቻው መንገድ ሲመጣ አየሁት። ከአረማመዱ ለመረዳት ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ተርፋለች» አለ። «ቀደዷት፣ ሰፏት። ጠዋት ውሃ ጠየቀች።»

«ተመስገን።»

«ልጁ ወንድ ነበር።»

ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን እየገፉ ይወጣሉ።

«ገመዱን ያለ ጊዜው ያሰርሁት እኔ ነኝ» አለ።

«እሱ ምንም አላመጣም» አልሁት። እውነቴን ነበር። «ወዲያው አስተካከልነው። ጊዜ የወሰደብን መጠበቁ ነው።»

«ልጁ መቼ ነው?» አለ ፊቴን ሳያይ።

ልዋሸው እችል ነበር። ከደቅ ስንነሣ ሞቶ ነበር ብለው ማንም አያርመኝም። «ደሴቱ ጥግ ቆመን እያለን ነው» አልሁት። «ሲስተር ማዳመጫቸውን ሲከቱ አይቻለሁ።»

«ብንቀጥል ኖሮ ይደርስ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? የጀልባው ሰው አንተ ነህ።»

«ብንቀጥል ምናልባት ሁላችንም ሰጥመን ነበር። ምናልባት ደግሞ እንደርስ ነበር። እንደ ገና ያን ቀን ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ግን ይደርስ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም።»

አንዳርጌ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ባይመታኝም አያናግረኝም ብዬ ነበር።

«ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው ይለኛል» አለ። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ። አላውቅም ያልኸኝ አንተ ብቻ ነህ።» ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። «ስትወጣ አንተ ነህ የምትወስዳት። ሌላ ሰው እንዳትልክ።»

ከሆስፒታል የወጣች ቀን አስቀድሜ ጀልባዋን አጥቤ፣ ከመካከል ገለባ ጎዝጉዤ ጠበቅኋት። በአንዳርጌ ክንድ ተደግፋ መጣች። ከወደቡ ጫፍ ስትደርስ ቆመች። አንዳርጌ ቀድሞ ገብቶ እጁን ዘረጋላት፤ አልያዘችውም። ጀልባዋን አየች፣ ያዘችው የነበረውን የብረት አጥንት አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

«ዛሬም ንፋሱ ይነሣል?»

«ይነሣል» አልኋት። «ከቀትር በኋላ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የለም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ገባች።